ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉም፦ ዳኛ ወይስ ምክር ቤት?

የከዚራ ልጅ፦
ያ ጀማዓ፣ ትናንት ፉል ቤት የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። እዚያማ ሁሉም ይጮሃል እንጂ የሚያዳምጥ አልነበረም። ጉዳዩ ይሄ ነው። የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ ላይ ክርክር ሲነሳ ግን የመጨረሻው ቃል የሱ አይደለም። አንቀጽ 62 እና 83 ያንን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥተውታል። አቤቱታው መጀመሪያ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይገባል። እዚያ 11 ሰው አለ፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያ፣ ሦስት ከምክር ቤቱ ራሱ። "ትርጉም ያስፈልገዋል" ካሉ ሐሳባቸውን ይልካሉ፣ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው። እኔ አይዋጥልኝም። ለዳኞች ይሰጥ ባይ ነኝ። አቦ ስድብ የለም፣ በሉ።

ጀጎል፦
ወንድሜ፣ አንተ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ሆነህ ነው ይሄ የሚታይህ። እኛ ሐረሪዎች ቁጥራችን ትንሽ ነው። እዚያ ምክር ቤት ግን ወንበር አለን፤ እያንዳንዱ ብሔር ቢያንስ አንድ ተወካይ አለው፣ በየሚሊዮኑ ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። አዲስ አበባ ላይ ዘጠኝ ወይ አስራ አንድ ዳኛ ቢሰየም ከመካከላቸው አንዱ የእኛን ነገር የሚያውቅ ይሆናል ብለህ ትምላለህ? እኔ አልምልም። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ብሔሮች የተዋዋሉት ነው ተብሎ ነው የተጻፈው። ውሉን ተዋዋዮቹ ይተርጉሙት።

ሳቢያን፦
ሃሃ ለእናንተ ወንበር አለ፣ ለድሬስ? የዚያን ቤት አባላት የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ድሬ ክልል አይደለችም፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው። ስለዚህ እኔ እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ግብር ከፍዬ፣ ያንን ቤት የሚመርጥ ምክር ቤት የለኝም። ደግሞ ሌላም አለ። ሕገ መንግሥቱ ጉዳዩ ከጉባኤው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ይወስን ይላል። እዚያው ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ ይሰብሰብ ይላል። በዓመት ሁለቴ የሚሰበሰብ ቤት በ30 ቀን እንዴት ነው የሚወስነው? እስቲ ጀጎል አስረዳኝ።

የከዚራ ልጅ፦
በዚያ ላይ 2012ን አንርሳ። ኮሮና መጣና ምርጫው መካሄድ አልቻለም ተባለ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን አከራከረ። እሱን አደንቃለሁ፣ እናቴ እንኳ ቡናዋን አቁማ ነው ያየችው። ግን ሰኔ ላይ መራዘሙን የወሰነው ማን ነው? የፌዴሬሽን ምክር ቤት። በዚያው ውሳኔ የራሱንም የሥራ ዘመን አራዘመ። ትክክል ነው አይደለም አልልም፣ ሌላ መንገድም አልነበረም ይሆናል። ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሲሆን ግን ያስጠላል።

የመጋላዋ፦
ዳኛ ዳኛ ስትሉ ነው የገባሁት። በ1996 የተወሰነውን የውርስ ጉዳይ አታውቁትም መሰለኝ። አንዲት ሴት ሸሪዓ ፍርድ ቤት ትከሰሳለች። "እዚህ መዳኘት አልፈልግም" ትላለች። አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ብቻ ነው የሚለው። ሸሪዓው እምቢ ብሎ ዳኛት። ይግባኝ አለች፣ አልሆነም። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሰበር ድረስ፣ መሠረታዊ የሕግ ስህተት በአምስት ዳኛ የሚታረምበት ችሎት ድረስ፣ ሄዳ አልሆነላትም። በመጨረሻ ውሳኔውን የሻረላት ማን ነው? ይሄ የምትሰድቡት ምክር ቤት ነው! እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄጄም አውቃለሁ፣ አልቆጨኝም። ያንን በፈቃዴ ነው ያደረግኩት። የእሷን ፈቃድ ግን አምስት ዳኛ አላየውም።

ጀጎል፦
አፈር ልሁንልሽ እህቴ 👏

ሳቢያን፦
ቆይ ጀጎል አታጨብጭብ። በ2013ቱ ምርጫ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ ለክልሉ ምክር ቤት አንዱ ክፍል፣ አይመርጡም ያለው ማን ነበር? ምርጫ ቦርድ። "ይመርጣሉ" ብሎ የወሰነላችሁስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤት! ወንበራችሁ ሳይሆን ካባ የለበሱ ሰዎች ናቸው ድምፃችሁን የመለሱት። መስከረም 20 ቀን 2014 ስትመርጡ እኔ ሐረር ነበርኩ፣ ባጃጅ እንኳ አጥቼ ከሸዋ በር በእግሬ ነው የሄድኩት።

ጀጎል፦
እሱማ እውነት ነው። ግን እዚያ ፍርድ ቤቱ የቦርዱን ውሳኔ ነው የመረመረው። በምክር ቤቱ ቦታ አልተቀመጠም።

ሳቢያን፦
አቦ ተው! ስሙን ቀየርከው እንጂ ያው ነው።

ጥቁር ካባ፦
ልጆች፣ ሐረር ውስጥ ጠበቃ ሆኜ ፀጉሬ ሸብቷል፣ ትንሽ ልናገር። ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም የምትሉት ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሰበርን ተመልከቱ። አመልካች መጀመሪያ አጣሪ ችሎት ይቀርባል፣ ሦስት ዳኛ "ያስቀርባል" ወይ "አያስቀርብም" ይላል፤ ካስቀረበ አምስት ዳኞች ያዩታል፣ እነሱ የሰጡት የሕግ ትርጉም ደግሞ ከ1997ቱ አዋጅ 454 ጀምሮ ከጎዴ እስከ ጎንደር ያለውን ዳኛ ሁሉ ያስገድዳል። አምስት ሰው! ብዙ ምክር ቤት የማይሠራውን ይሠራሉ። ስለዚህ እኔ ብሆን የምጠይቀው "ዳኛ ወይስ ምክር ቤት" ብዬ አይደለም፤ ዳኛውን ማን ሾመው ብዬ ነው። ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ሌሎቹን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያጫል፣ እነሱም በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ነው የሚቀርቡት። ጀርመኖች 16 ዳኛ አላቸው፣ ግማሹን አንደኛው ምክር ቤት ግማሹን ሌላኛው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣል። 12 ዓመት ይሠራል፣ ዳግም አይመረጥም። ስለዚህ ለማንም አያሸበሽብም። አሜሪካ ዘጠኝ ናቸው፣ ዕድሜ ልክ። እዚያ አንዱ በሞተ ቁጥር የሚነሳውን አቧራ ታውቁታላችሁ።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። የኬንያን ግን አይርሱብኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍርድ ቤታቸው ሰርዞ "ድገሙ" አለ። አራት ለሁለት። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ያሸነፈውን ነው። ሰፈራችን ያለ አገር ነው ይሄ።

ግን ስለ አምስቱ ዳኞች ያሉት ነካኝ። አጎቴ ገንደ ቆሬ ቤት ገዝቶ ነበር። ውሉ በሁለት ምስክር፣ ቤት ውስጥ፣ ሻይ እየተጠጣ ነው የተጻፈው። የሻጩ አውራ ጣት ሰማያዊ ቀለም ዛሬም አለበት። በላስቲክ ጠቅልሎ ከቁርኣኑ ጋር ነው የሚያስቀምጠው። የቤት ዋጋ ሲወጣ ሻጩ ዞረ። "የፍትሐ ብሔር ሕግ 1723፣ ውልና ማስረጃ ወይ ፍርድ ቤት ያልተመዘገበ ውል አይጸናም፣ ሰበር ብሏል" አለ። አጎቴ ሰበር የሚባል ነገር መኖሩን የሰማው ያን ቀን ነው። ዳኞቹ ሕጉን አላነበቡም አልልም፣ ተጽፏል። ግን ድሬ ውስጥ ስንት ሰው ነው በዚያ ዓይነት ወረቀት የሚኖረው?

የመጋላዋ፦
አየህ? ዳኛ ይተርጉም ስትል የነበርከው አንተው ነህ።

የከዚራ ልጅ፦
አሁንም እላለሁ። ዳኛ ሲሳሳት ቢያንስ ምክንያቱን ይጽፋል፣ አንብቤ እከራከረዋለሁ። ከአጣሪ ጉባኤው ግን አብዛኛው አቤቱታ የሚመለሰው "ትርጉም አያስፈልገውም" ተብሎ ነው። ለእሱ ምን ብዬ ልከራከር?

ጥቁር ካባ፦
ለአጎትህ ግን ክርክሩ ምን ያደርግለታል? ሻጩ ገንዘቡን መቀበሉን ክዷል ወይስ ውሉን ብቻ ነው? ይሄ ይለያያል። ማክሰኞ ድሬ እወርዳለሁ፣ ወረቀቱን ከነላስቲኩ ይዘኸው ና።