የጋራ ማበረታቻ ዕቅድ ረቂቅ፦ አንቀጽ 3 እና 4 ላይ የተደረገ ውይይት

የማኅበሩ አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁም። የአቃቂ ቃሊቲ፣ የገላን፣ የዱከምና የሰበታ አባል ፋብሪካዎች ሠራተኛው መብራት፣ ውኃና ናፍጣ እንዲቆጥብ ለማበረታታት በጋራ የምናቀርበው ረቂቅ ደርሷችኋል። አንቀጽ 1 እና 2 ላይ ተቃውሞ ስላልመጣ እንዳሉ ይቀጥላሉ። የሚያከራክረው ሠራተኛው ምን ይሥራ (3) እና ምን ይከፈለው (4) የሚለው ነው። የአንቀጽ 4 ቃል አሁን እንዲህ ይላል፦ «የመብራት፣ የውኃና የናፍጣ ወጪ በብር ሲቀንስ ከቁጠባው 20 በመቶው ለሠራተኛው በዓመቱ መጨረሻ ይከፋፈላል።» «ቧንቧ ክፍት የተወ ደመወዙ ይቆረጥ» የሚል ጭማሪም ቀርቧል።

የጥገና መሐንዲስ፣ ዱከም
በብር የሚለው ይውጣ። ታሪፍ ሲጨምር ሠራተኛው ቆጥቦም ወጪው ያድጋል፤ ትዕዛዝ ጠፍቶ መስመር ሲቆም ደግሞ ማንም ምንም ሳያደርግ ወጪው ይወርዳል። መለኪያው ኪሎዋት ሰዓት በቶን ምርት፣ ውኃውም ሜትር ኩብ በቶን ይሁን።

እሱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ምርት በግማሽ ሲወርድ መብራቱ በግማሽ አይወርድም፤ ኮምፕሬሰሩ (አየር ጨምቆ ለማሽኖች የሚልከው)፣ የቢሮው መብራት፣ የቦይለሩ (የእንፋሎት ማፍያው) ሙቀት ያው ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት የ12 ወር ቢልና የምርት መዝገብ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ተቀራራቢ ምርት ያላቸው ወራት ይወዳደሩ። ቦይለር ያላችሁ ሐምሌን ከሐምሌ ጋር እንጂ ከሚያዝያ ጋር አታወዳድሩ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር የሠራባቸው ሰዓቶች ለብቻ ይመዝገቡ፤ አለዚያ የመብራት ኃይል ቆጣሪው ሐሰተኛ ቁጠባ ያሳያል።

የሰው ኃይል ኃላፊ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ትልቁ እንቅፋት ግን የምርት ቦነሱ ነው። ፎርማኑ በኪሎ ብቻ የሚከፈለው ከሆነ ማሽኑን በምሳ ሰዓት አያጠፋም፣ መልሶ ለማሞቅ የሚሄደው ደቂቃ ከኪሱ ነዋ። ፖስተር ብትለጥፉለት በኪሱ አይወዳደርም። ከቦነሱ የተወሰነው እጅ፣ ለመነሻ አንድ አምስተኛው ይበቃል፣ ከክፍሉ የኃይልና የብልሽት ምርት ውጤት ጋር ይታሰር።

ክፍያው በየሦስት ወሩ ይሁን። በእኛ አካባቢ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚለቅ የዓመት መጨረሻ ክፍያ የቆጠበውን ሰው አያገኘውም። የደመወዝ መክፈያው ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ግብርም ስለሚቆረጥበት መጠኑ ከግብር በፊት መሆኑ ይጻፍ። «ቧንቧ ክፍት የተወ ደመወዙ ይቆረጥ» የሚለውን ጭማሪ ግን አልደግፍም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ መቁረጥን በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቅጣት ከጀመርን ደግሞ ብልሽት ያየ ሁሉ ይደብቃል።

የጥገና መሐንዲስ፣ ዱከም
እስማማለሁ። ለአንቀጽ 3 መነሻ ከኮምፕሬሰሩ መስመር የሚፈስ አየር ይሁን፤ ውጤቱ በሳምንት ይታያልና። 7 ባር ግፊት ባለው የአየር መስመር ላይ ያለ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የኮምፕሬሰሩን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል። ሌት ተቀን ከሠራ በቀን ከ70 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። እሑድ ምርት ሲቆም የአየር ተጠቃሚ ማሽኖች ሁሉ ይዘጉ፣ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ይሥራ። በስልክ ሰዓት የሚጭንበትን (አየር የሚጨምቅበትን) እና ሳይጨምቅ ባዶውን የሚዞርበትን ጊዜ ቢያንስ ለአምስት ዙር መዝግቡ። የጭነቱን ጊዜ ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 1 ደቂቃ ተኩል ጭኖ 4 ደቂቃ ተኩል ባዶውን ከዞረ ከኮምፕሬሰሩ አቅም 25 በመቶው በመፍሰስ እየባከነ ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ደህና ነው። ኢንቨርተር (ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይር መሣሪያ) ያለው ኮምፕሬሰር ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ከሰሌዳው ላይ የሚወስደውን ኃይል አንብቡ። አንድ የማራገፊያ ቫልቭ ተከፍቶ ከተረሳ ሙከራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ኦፕሬተሮቹ የሳሙና ውኃ በመርጫ ጠርሙስ ይዘው መገጣጠሚያዎችን ይፈትሹ። አረፋ የሠራበት ላይ ቁጥር ያለው ቀይ ካርድ በሽቦ ይታሰር፣ የካርዱ ቀሪ ቅጂ ለጥገና ክፍል ይሂድ። አብዛኛው ጥፋት የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ)፣ ያረጀ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና የቴፍሎን ጥቅል ያነሰው የቧንቧ ጥርስ ነው። ሁሉም ክፍል በአንድ ቀን መቶ ካርድ ቢያስር ግን ጥገናው አይደርስበትም፤ ካርዱ ወር ሙሉ ተንጠልጥሎ ሠራተኛው ሁለተኛ አይጠቁምም። ጥገናው የሚችለውን ያህል ብቻ ይታሰር፣ በድምፅ ከሚሰማው ጀምሮ።

የምርት ጥራት ባለሙያ፣ ሰበታ
ውኃ ላይ አጭር ነገር፦ ወለል ከመታጠቡ በፊት ይጠረግ። ጎማ ጫፍ ላይ ሲለቁት የሚዘጋ መያዣ ይገጠም፤ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በፊትና በኋላ ለኩ። ቆዳ ፋብሪካዎች ጥሬ ቆዳውን ከመንከራቸው በፊት ጨውን ያራግፉ፤ የሟሟ ጨው በተለመደው ማጣሪያ አይወገድም፣ ከፍሳሹ ጋር ወንዝ ነው የሚገባው።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፣ ገላን
ሦስት ነገር ይጨመር። ሐሳብ ያቀረበ ሁሉ፣ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ፣ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ምክንያቱ ተጽፎ መልስ ይሰጠው፤ የሐሳብ ሣጥን የሚሞተው በዝምታ ነው። ቅጹና ስብሰባው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ የማታ ፈረቃም በራሱ ሰዓት ይሰብሰብ። እንዲሁም ከቁጠባው የተነሣ ማንም ከሥራ እንደማይቀነስ ይጻፍ። የሥራ ማብቂያ የሚመስለውን ሐሳብ ማን ያቀርባል?

የማኅበሩ አስተባባሪ
ተቀብያለሁ። አንቀጽ 4 እንዲህ ተስተካክሏል፦ «በቶን ምርት የተለካ ቁጠባ በሦስት ወሩ ሲረጋገጥ፣ ከተጣራው ቁጠባ 20 በመቶው ከግብር በፊት ለክፍሉ ሁሉም ፈረቃ በእኩል ይከፈላል። በአየር መስመርና በውኃ የተገኘው ቁጠባ በየክፍሉ ቆጣሪ ይረጋገጣል።» ቅጣት የሚለው ወጥቷል፣ የመልሱ ቀንና የሥራ ዋስትናው አንቀጽ 3 ውስጥ ገብተዋል።

የፋይናንስ ኃላፊ፣ ገላን
የክፍል ቆጣሪ የሌለው ፋብሪካስ? ብዙዎቻችን አንድ ዋና ቆጣሪ ብቻ ነው ያለን።

የጥገና መሐንዲስ፣ ዱከም
ለመጀመሪያው ዓመት ክፍሉ ሳይሆን ፋብሪካው በሙሉ ይቆጠር፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ ብቻ አንድ ንዑስ ቆጣሪ ይገጠም። የምንገዛበትን ዝርዝር እስከ ዓርብ እልካለሁ።