«ዘመድ አይመረመርም»፦ ብቻቸውን ወደ አሜሪካ የገቡ ልጆችን የሚረከቡ ቤቶች ስለመፈተሻቸው

ነገር አንሺው፦
ባለፈው እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ፣ ያለ ወላጅ ድንበር ተሻግረው የመጡ ልጆችን ለመረከብ የሚያመለክቱ ቤተሰቦች ስለሚደርስባቸው እንግልት ሲያስረዱ «በእኛ ባህል ዘመድ አይመረመርም» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ አላጨበጨብኩም። በ2014 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ኦሃዮ ውስጥ ማሪዮን አጠገብ፣ መንግሥት ራሱ ለስፖንሰር (ልጁን ተረክቦ ለማኖር ላመለከተ ሰው) ያስረከባቸው የጓቲማላ ልጆች በእንቁላል እርሻ በግዳጅ ሲሠሩ ተገኝተዋል። ያደሩት በአሮጌ ተጎታች ቤት ነበር፤ ደመወዛቸውን ደላሎቹ ይወስዱባቸው ነበር። የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴ በጥር 2016 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጠው፣ ከመረከባቸው በፊት ቤቱን ሄዶ ያየ አልነበረም። ይባስ ብሎ አንዲት ሠራተኛ ልጁን ልትጎበኝ ስትሄድ ስፖንሰሩ ቢከለክላት፣ መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ዘጋው። እንግዲህ ያጨበጨባችሁት ለዚህ ነው?

አስተርጓሚዋ፦
ያጨበጨብነው ለዚያ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቁታል። የማሪዮንን ልጆች የተረከቡት የቤተሰብ ወዳጅ ነን ብለው የቀረቡ ሰዎች እንጂ አጎትና አክስት አልነበሩም። ደግሞም ምርመራ በተባለው ነገር የደረሰውን ሲዘሉት አየሁ። በሚያዝያ 2018፣ በጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ሥር ሆኖ እነዚህን ልጆች የሚይዘውና የሚያስረክበው የስደተኞች ማቋቋሚያ ቢሮ፣ በስፖንሰሩ ቤት የሚኖረውን አዋቂ ሁሉ አሻራ ወስዶ ለአይስ፣ ማለትም ወረቀት የሌላቸውን ይዞ ለሚያባርረው የኢሚግሬሽን ፖሊስ፣ ለማካፈል ተስማማ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ልጅ ለመረከብ ካመለከቱትና አብረዋቸው ከሚኖሩት መካከል 170 ሰዎች ታሰሩ፤ ከእነርሱም 109ኙ አንዳች የወንጀል መዝገብ አልነበራቸውም። አንድ አፓርታማ ለሦስት በምንከራይበት በዚህ አካባቢ፣ አክስትየዋ ወረቀት ቢኖራት እንኳ ሳሎን የተከራየው ሰው አሻራ መስጠት ሲፈራ ማመልከቻዋን ታነሣለች፤ ልጁም ማቆያ ውስጥ ይከርማል። ይህንን እየተረጎምኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ነገር አንሺው፦
እኅቴ፣ «የቤተሰብ ወዳጅ እንጂ አጎት አልነበሩም» ብለዋል። ይህንን ያወቁት በኋላ ስለተመረመረ ነው። በዕለቱ በሩ ላይ የቆመው ሰው አጎት ይሁን ደላላ፣ ካልተመረመረ በምን ይለያል? ደግሞ «ሳሎን የተከራየው ሰው» ያሉት ልቤ ውስጥ ቀርቷል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሊገባ በተዘጋጀበት ቤት፣ ሳሎን የሚያድረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ሦስት ጉልቻ፦
«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለውን ተረት የማሪዮን ልጆች አልሰሙትም መሰል። ስብሰባው ላይ ያጨበጨቡት ወገኖቼ ልጃቸውን ለአንድ ሌሊት እንኳ ለሩቅ ዘመድ የማይሰጡ መሆናቸውን ግን እኔ ምስክር ነኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ወንድሜ ሦስት ጉልቻ፣ ቀልዱን ለጊዜው ተወት አድርገውት አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የእናቱ ወንድም ሊረከበው የመጣን ሐበሻ ልጅ አስቡ። ልጁ በስሙ ላይ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዟል፤ አጎትየው ደግሞ የራሱን አባት ስም ይዟል። ሁለቱ ስሞች የትም አይገናኙም፤ «ቤተሰብ ከሆናችሁ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ለሚል አሜሪካዊ ሠራተኛ አጎትየው ውሸታም ይመስላል። የልደት ወረቀቱ ላይ የእናትየው ስም ከነአባቷ ካልሰፈረ በቀር ዝምድናው አይታይም፤ ወረቀቱ ደግሞ ላይኖር ይችላል፤ ምክንያቱም የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በመላ የተጀመረው በ2016 ነው። የልደት ቀን ሲተረጎም የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከተዘለለ ደግሞ ልጁ በወረቀት ላይ አዋቂ ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ይናገራል። ዘመድ አይመረመርም አልልም፤ በእነርሱ መመዘኛ የሚመረመረው ዝምድና ሳይሆን ወረቀት ነው እላለሁ።

ነገር አንሺው፦
ታዲያ መመዘኛው ይስተካከል! ስማችን እንዴት እንደሚወርድ የሚያስረዳ አስተርጓሚ መጠየቅና ምርመራውን ከነጭራሹ መቃወም የተለያዩ ናቸው። በመድረኩ ላይ የተባለው ሁለተኛው ነው።

ሦስት ጉልቻ፦
ከተረከቡት ልጆች ሦስት መቶ ሺህ ጠፉ የሚባለውስ በማን መመዘኛ ነው?

አስተርጓሚዋ፦
ይህችን ቁጥር ሳይጠቅሱ አያልፉም ብዬ ነበር። በነሐሴ 2024 የአገር ውስጥ ደኅንነት ዋና መርማሪ ያወጣው፣ 32 ሺህ ያህል ልጆች በፍርድ ቤት ቀጠሯቸው አለመገኘታቸውንና 291 ሺህ ለሚሆኑት ደግሞ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ወረቀት ጭራሹን አለመሰጠቱን ነው። መጥሪያ ያልተሰጠው ልጅ አክስቱ ቤት እራት እየበላ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ ግን ጠፋ ይሉታል።

ሦስት ጉልቻ፦
በ2023 ይፋ የሆነውስ? በሁለት ዓመት ውስጥ ከ85 ሺህ ለሚበልጡ ልጆች ከተረከቡ ከወር በኋላ ስልክ ተደውሎ አልተገኙም ተባለ። እነርሱም እራት ላይ ነበሩ?

አስተርጓሚዋ፦
ከማያውቁት የመንግሥት ቁጥር የተደወለን ስልክ የሚያነሣ ሐበሻ ካወቁ ያስተዋውቁኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት በፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን የስልክ አለመነሣት የዚያ ማስረጃ አይሆንም።

ነገር አንሺው፦
ማስረጃ አይሆንም፤ ቤቱን ሄዶ ለማየት ግን ይበቃል። የሕገ ወጥ ዝውውር ሰለባዎችን ለመጠበቅ የወጣው የ2008ቱ ሕግ የቤት ጉብኝትን የሚያስገድደው ለጥቂቶች ነው፤ ለሕገ ወጥ ዝውውር ሰለባዎች፣ አካል ጉዳት ላለባቸው፣ ጥቃት ለደረሰባቸውና ስፖንሰሩ አስጊ መሆኑ በግልጽ ለታየባቸው ልጆች። ሌላው በብዛት በስልክና በወረቀት ያልፋል። የጤና ጥበቃው ዋና መርማሪ በየካቲት 2024 በናሙና ካያቸው መዝገቦች በ16 በመቶው የስፖንሰሩ ደኅንነት ማጣሪያ ስለመደረጉ ማስረጃ አላገኘም። በዚህ ላይ «አይመረመርም» ብሎ ማጨብጨብ ምን ይባላል?

የአሌክሳንድሪያው፦
አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዷል። ከ2025 ወዲህ የሁሉም አዋቂ አሻራ፣ የዲኤንኤ ምርመራ፣ የገቢ ማስረጃና የተወሰነ ዓይነት መታወቂያ ተጠይቆ፣ ልጆች በማቆያ የሚቆዩበት ጊዜ ከወር ገደማ ወደ ብዙ ወራት ረዝሟል። እናት ሆና ሳለች ባልተቀበሉት መታወቂያ ምክንያት ልጇን ያልተረከበች አለች። ይህም ጥንቃቄ ነው ይሉኛል?

ነገር አንሺው፦
እናትን በመታወቂያ መከልከል ጥንቃቄ አይደለም፤ ቅጣት ነው። እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። አሻራውም ለልጁ ደኅንነት ይወሰድ፤ ለአይስ ግን አይተላለፍ እላለሁ።

አስተርጓሚዋ፦
«አይተላለፍ» ብለው አመኑ! በ2018ም ለልጆቹ ደኅንነት ነው ተብሎ ነበር የተወሰደው። አንድ ጊዜ የተሰጠ አሻራ በሚቀጥለው አስተዳደር እጅ ምን እንደሚሆን እርስዎ ዋስ ይሆናሉ?

ነገር አንሺው፦
አልሆንም። እርስዎስ ሳሎን ለሚያድረው ሰው ዋስ ይሆናሉ?

አስተርጓሚዋ፦
እኔ የማውቀው ሳሎን የሚያድር ሰው ታክሲ ነድቶ ሲገባ ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ነው፤ ወረቀት የለውም። ስሙን ጠየቁኝ፤ ለማን ሊሰጡት እንደሆነ ግን እስካሁን አልነገሩኝም።