ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተፈረደብኝን ዕዳ ከፍዬ ስሜን ከብድር መረጃ ለማጽዳት ከየት ልጀምር?

ባለወርክሾፕ፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በርና መስኮት የምንሠራበት አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። በ2007 ዓ.ም. ከአንድ የግል ባንክ ተበድሬ የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር ገዛሁ። ሥራው አንድ ዓመት ያህል በደንብ ከሄደ በኋላ ትልቁ ደንበኛዬ ሒሳቤን ሳይከፍለኝ ስለቀረ ወርኃዊ ክፍያዬን አቋረጥኩ። ባንኩ መጋቢት 2008 ዓ.ም. ከሰሰን፤ ፍርድ ቤቱም ኅዳር 2009 ዓ.ም. እኔና ዋሴ የሆነው የባለቤቴ ወንድም 84,000 ብር፣ ክሱ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር፣ በአንድነትና በነጠላ (ባንኩ ሙሉውን ከሁለታችንም ሆነ ከአንዳችን ብቻ መጠየቅ በሚችልበት ሁኔታ) እንድንከፍል ወሰነ። መጥሪያው በእጄ ስላልደረሰ ውሳኔው የተሰጠው በሌለሁበት ነው። ባንኩ ቀጥሎ ፍርዱ በተግባር እንዲፈጸምለት የአፈጻጸም መዝገብ አስከፍቶ ገላን የሚገኘውን የዋሴን ቤት አሳገደ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. በሁለት ጊዜ 30,000 ብር ከፈልኩ፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም።

በቅርቡ ለቶርኖ ማሽን መግዣ ብድር ልጠይቅ ሌላ ባንክ ብሄድ፣ የብድር ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ያልተዘጋ ብድር አለብዎት» ብላ መለሰችኝ። ደረሰኞቼን ፍለጋ የድሮውን ፌስታል ስፈታ የአንደኛው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ በሁለተኛው ላይ የቀረው የማኅተሙ ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው። ወዳጆቼ «10 ዓመት ሊሞላው ስምንት ወር ነው የቀረው፤ ዝም ብለህ ጠብቅ» ይሉኛል። ዋሴ ግን ቤቱን በልጆቹ ስም ለማዞር ሄዶ በእግዱ ምክንያት ተመልሷል፤ ይህን እያወቅሁ ዝም ብሎ መጠበቁ ህሊናዬን ከብዶታል። ዕዳውን ለማን፣ በምን መንገድ ብከፍል ነው ነገሩ በእውነት የሚዘጋልኝ?

የሕግ ባለሙያ፣ ቃሊቲ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ተስፋዎች ላንሳልዎ። በሌሉበት የተሰጠን ፍርድ የማስነሳት አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 78 መሠረት የሚቀርበው ፍርዱ መኖሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ እርስዎ በ2010 ዓ.ም. በፍርዱ መሠረት ገንዘብ ስለከፈሉ ያ በር ከተዘጋ ቆይቷል። የ10 ዓመቱ ነገርም በዚያው ሕግ ቁጥር 384 ያለ ቢሆንም፣ የሚከለክለው ከ10 ዓመት በኋላ የሚቀርብን የአፈጻጸም ማመልከቻ ነው። የእርስዎ ባንክ ማመልከቻውን በጊዜው አቅርቦ ንብረት ስላሳገደ በዚህ ላይ ተማምነው ቢቀመጡ በየዓመቱ የሚጨምረው ወለዱ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። የ84,000 ብር የዓመት ወለድ 7,560 ብር ነው። ክፍያ የሚታሰበው መጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ገንዘብ በመሆኑ፣ ወጪውን ለጊዜው ብንተወው ከ30,000 ብሩ ውስጥ 15,120 ብር ለሁለት ዓመት ወለድ ሄዶ 14,880 ብሩ ዋናውን ወደ 69,120 ብር ያወርደዋል። በዚህ ስሌት እስከ መጋቢት 2018 ዓ.ም. ያለብዎት 118,900 ብር ገደማ ነው። ክፍያውን ማስረዳት ካልቻሉ ግን 159,600 ብር ይሆናል። ጽሑፋቸው የጠፋው ሁለቱ ወረቀቶች ከ40,000 ብር በላይ ዋጋ አላቸው ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ወደ ቅርንጫፉ ሄደው ብድሩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለውን የብድር ሒሳብ መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ በባንኩ በኩል ገቢ ከሆነ ደረሰኙ ቢጠፋም ከመዝገቡ ላይ አይጠፋም።

ከዚያ የፍርዱንና የአፈጻጸም መዝገቡን ትክክለኛ ግልባጭ ያውጡ፤ የመዝገብ ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ወለዱ እንዲቀነስልዎት መደራደር ይችላሉ፤ ባንኮች እንዲህ ዓይነቱን የቆየ ዕዳ አንድ ጊዜ ለሚከፍል ሰው ሲያቃልሉ አይቻለሁ። ነገር ግን በቃል የተባለውን አይመኑ። ከባንኩ ነገረ ፈጅ ጋር የሚዋዋሉ ከሆነ የውክልና ሥልጣኑ ለመታረቅ በግልጽ የሚፈቅድለት መሆኑን ይመልከቱ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 ለዕርቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃልና። ስምምነቱ ለአፈጻጸም ችሎቱ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ ይስፈር። ገንዘቡን ለሠራተኛ በእጅ ሳይሰጡ በብድር ሒሳቡ ገቢ ያድርጉ፤ ባንኩም መከፈሉን ለችሎቱ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ። የሚፈልጉት የመጨረሻ ወረቀት «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» የሚል ትዕዛዝ ነው።

ቀድሞ በባንክ ብድር ክፍል የሠራሁ፣ አያት

የሕግ ባለሙያው በተናገሩት ላይ የምጨምረው የብድር መረጃውን ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የብድር መረጃ ማዕከሉ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ሲሆን፣ መረጃውን የሚልኩለት አበዳሪዎቹ ናቸው። ፍርድ ቤት መዝገቡን ስለዘጋ ብቻ እዚያ ያለው ስም በራሱ አይስተካከልም። በተመሳሳይ ምክንያት ፍርዱ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ቢታገድ እንኳ የባንኩ ሒሳብ እስካልተዘጋ ድረስ ሌላ ባንክ የሚያየው ያንኑ ያልተከፈለ ብድር ነው።

ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ ረጅም ጊዜ ሲቆይም ባንኩ ከሒሳብ መዝገቡ ሊሰርዘው ይችላል። ይህ ስረዛ የባንኩ የውስጥ ሒሳብ አያያዝ ነው እንጂ ዕዳውን አያጠፋውም። አንዳንድ ባለዕዳ «ተሰርዞልሃል» የሚል ወሬ ሰምቶ ደስ ብሎት ይቀመጣል፤ በሥራ ዘመኔ ይህን ማስረዳት በጣም ይከብደኝ ነበር።

ስለዚህ በዕርቅ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቀው ይጠይቁ፦ ባንኩ ክፍያው እንደተጠናቀቀ በተወሰነ ቀን ውስጥ ብድሩ ቀሪ ዕዳ የሌለበትና የተዘጋ መሆኑን ለብድር መረጃ ማዕከሉ እንዲያሳውቅ፣ ለእርስዎም የክሊራንስ ደብዳቤ እንዲሰጥ። ወለድ ከተቀነሰልዎት ደብዳቤው ቀሪ የሚጠየቅ ገንዘብ እንደሌለ በግልጽ ይናገር። መረጃውን የማረም ኃላፊነት የላከው ባንክ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ብሔራዊ ባንክ ከመሄድዎ በፊት እዚያው ይጨርሱ። ዘግይቶ መከፈሉ በታሪክነቱ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ለአበዳሪ የተዘጋ ብድርና ያልተዘጋ ብድር በፍጹም አንድ አይደሉም።

የዶሮ እርባታ ባለቤት፣ ገላን

እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ዕዳዬን ከፍዬ፣ ደብዳቤውን ይዤ፣ ሁሉም ነገር አልቋል ብዬ ሳለ ስምንት ወር ሙሉ ስሜ ሳይስተካከል ቆየ። በመጨረሻ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን ምስክር ወረቀትና ቅርንጫፉ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈውን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርጌ በጣቴ እየቆጠርኩ ሳነብ፣ ከአሥሩ አኃዞች ስድስተኛው 7 መሆን ሲገባው 1 ተብሎ ተጽፏል። ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡት፤ ንግድ ፈቃድዎንም ቀይረው ከሆነ ብድሩ የተመዘገበው በየትኛው መለያ ቁጥር እንደሆነ ይጠይቁ።

የዋስዎን ቤት በተመለከተ የባንኩ ክሊራንስ አይበቃም። ቤቱን ያገደው ፍርድ ቤት ስለሆነ እግዱን የሚያነሳውም የፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ለመሬት አስተዳደሩ መድረሱን፣ ከቤቱ ፋይል ጋር መያያዙንም በዓይንዎ ይዩ።

ባለወርክሾፕ፣ ቱሉ ዲምቱ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በምክራችሁ መሠረት የብድር ሒሳብ መግለጫውን ጠይቄ ትናንት ተቀበልኩ፤ የመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሁለቱም ክፍያዎች አንዱ 18,000፣ አንዱ 12,000 ብር ሆነው ተመዝግበዋል። ከነገረ ፈጁ ጋር ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጣጥረናል። ዋሴን ይዤው ልሂድ ወይስ ብቻዬን ልጨርስ?

የሕግ ባለሙያ፣ ቃሊቲ

ይዘውት ይሂዱ። ፍርዱ በሁለታችሁም ላይ ስለሆነ በዕርቁ ላይ እሱም ይፈርም፤ እግዱ እንዲነሳ የሚጠይቀውን አቤቱታ ከስምምነቱ ጋር በአንድ ቀን ለችሎቱ አስገቡ።