ካይዘኑ ይቅርብን፣ ፖሊሲውን ብቻ አስተካክሉልን? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦ ሰላም ወገን። የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው፦ «መንግሥት ነጋዴውንና አምራቹን አስተዳደር ማስተማሩን ይተው። ፖሊሲውን ያስተካክል፤ ሌላውን ገበያው ያስተምረዋል።» ለመንደርደሪያ ያህል፣ ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ወደ አገራችን የመጣው መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም. ጃፓንን ድጋፍ ከጠየቁ በኋላ ነው። የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ 30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ራሱን የቻለ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ፖሊሲ ስንል በዋናነት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁን ነው። ስድብ የለም። ፎርዋርድ የተደረገ ረጅም ጽሑፍም አይለጠፍ።

ጫማ ሠሪው፦ እኔ እደግፋለሁ። መርካቶ ጫማ እሠራለሁ። አሠልጣኞች ወደ እኛም መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በክፉ አላነሳቸውም። አምስቱን «ማ» አስተማሩን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መዶሻው ግድግዳ ላይ ቅርጹ ተሥሎለት ተሰቀለ። ጥሩ ነው፣ ዕቃ መፈለግ ቀረ። ከዚያ አንደኛው መጋዘኔን ከፍቶ ሶሉን ሲያይ «የተከማቸ ዕቃ ብክነት ነው» አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ያኔ ዶላር በወረፋ ነበር። አስመጪው ኤልሲ (ባንኩ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እስኪከፈትለት ወራት ይጠብቃል። ሶል ገባ ሲባል እጃችን ላይ ያለውን ብር ሁሉ ይዘን ነው የምንሮጠው። ብሩን ባንክ ባስቀምጠው የማገኘው 7 በመቶ ወለድ ነው። የዋጋ ንረቱ ግን 30 በመቶ አልፎ ነበር። ባንኬ ሶሉ ነበር ማለት ነው። ቶዮታ የሚፈልገውን ዕቃ አቅራቢው በሰዓቱ በር ላይ ያደርስለታል። ለእኔ ማን ያደርስልኛል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሶሉ እውነትህን ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከምትሠራቸው ሞዴሎች የትኛው ነው የሚያተርፍህ?

ጫማ ሠሪው፦ ጥቁሩ የወንድ ጫማ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በምን አወቅክ?

ጫማ ሠሪው፦ ቶሎ ይሸጣላ!

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በርካሽ ስለሰጠኸው ቢሆንስ? የብዙ ሰው ሒሳብ ሠርቻለሁ። የቆዳውን ዋጋ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ተቆርጦ የተጣለውን ቆዳ፣ የቤት ኪራዩን፣ የራሱን ደመወዝ ግን ማንም አይደምርም። ገንዘብ ካስፈለገ ከመሳቢያው ይወሰዳል፣ የልጅ ትምህርት ቤትም ይሁን ለቅሶ። በዓመቱ መጨረሻ «ብሩ የት ገባ?» ተብዬ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እስቲ ፖሊሲው «ተስተካከለ» በተባለበት ጊዜ የሆነውን ተመልከት። ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አንድ የማውቀው ነጋዴ የቆየ ዕቃውን ትንሽ ጨምሮ ሸጠና ትርፍ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። በዚያው ብር ሲሄድ ግማሹን እንኳን መልሶ መግዛት አቃተው። መሸጫ ዋጋውን የተመነው ዕቃውን በገዛበት እንጂ በሚተካበት ዋጋ አልነበረም። ገበያው ያስተምራል አይደል የተባለው? አዎ፣ አስተማረው። ሱቁ ተዘጋ።

ጫማ ሠሪው፦ እሱን እኔም አይቻለሁ። አንድ ጎረቤቴም እንደዚያው ነው የሆነው።

የሐዋሳዋ፦ እኔ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ። ለእኛ ካይዘን ማለት ወለል ላይ ቢጫ መስመር መቀባት ነው። እንግዳ ሲመጣ ሰሌዳው ይጸዳል፣ ቁጥር ይጻፍበታል። የሐሳብ መስጫ ሳጥንም ነበር። አንዷ ጓደኛችን «የተቆረጠው ጨርቅ ከሩቅ ስለሚመጣ ቆመን እንጠብቃለን፣ ጠረጴዛው ይጠጋ» ብላ ጻፈች። ጠረጴዛውን አስጠጉት፣ ሥራውም ፈጠነ። ከዚያ የቀን ኮታችን ተጨመረ። ደመወዝ ግን ያው። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ማን ይጽፋል? አለቆቻችን «ሠራተኛ አይቆይልንም» እያሉ ያማርራሉ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ማን ይቆያል? ፖሊሲ ካላችሁ ይሄንንም ጨምሩት። በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ዕቃችን አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከሚገባበት ዕድል፣ ስንታገድ ደግሞ ቢጫ መስመሩ አላዳነንም።

ኢኮኖሚክስ ተማሪው፦ ይሄ ያልሽው የጠቅላላ ክርክሩ ቁልፍ ነው። ጥቅሙ ካልተካፈለ መሻሻሉ አይዘልቅም። እኔ መከራከሪያውን እቃወማለሁ፤ ማስረጃ ላምጣ። ተመራማሪዎች ህንድ ውስጥ፣ ሙምባይ አካባቢ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ለተወሰኑት አማካሪ በነፃ ለወራት ተመደበላቸው፣ ለቀሩት የአንድ ወር ምርመራ ብቻ ተደረገላቸው። አገሩ አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ታክሱ አንድ ነው። አማካሪ ያገኙት በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው 17 በመቶ ጨመረ። አዲስ ማሽን ስለገባ አይደለም። የተበላሸ ጨርቅ ተመዘገበ፣ የክር መጋዘን ተደራጀ፣ ማሽን ሳይበላሽ በፊት ይፈተሽ ጀመር። ፖሊሲው ሳይነካ የመጣ ለውጥ ነው።

ጫማ ሠሪው፦ እና እነዚያ ህንዶች ይሄን ሁሉ ከዚያ በፊት ለምን አላደረጉትም? ሞኞች ናቸው?

ኢኮኖሚክስ ተማሪው፦ ብዙዎቹ ደህና ነን ብለው ያምኑ ነበር። ሌላም የሚገርም ነገር አለው። የድርጅቱን ትልቅነት ከምንም በላይ የሚያመለክተው በቤተሰቡ ውስጥ ያሉት ወንዶች ቁጥር ነበር። ባለቤቱ ባዕድ ሰው አያምንም። ሥራ አስኪያጁ ቢሰርቀው ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ የሚሾመው ልጅና ወንድም ሲኖረው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አያድግም።

የመርካቶ ልጅ፦ 😂 ይሄ ህንድ ነው ወይስ እኛ ሰፈር?

ጫማ ሠሪው፦ አየህ! ዞሮ ዞሮ ፍርድ ቤት ላይ ደረስክ። ፍርድ ቤት ደግሞ ፖሊሲ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፦ ልጆች፣ አንድ ሁለት ነገር ልበል። መንግሥት ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። «ፖሊሲው ከተመቸ ሌላው ይከተላል» የሚለውን አልቀበልም። ሜቴክን፣ የመንግሥቱን የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ አስታውሱ። በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም ያልተመቸው ምን ነበረ? ሥራው ያለ ጨረታ ይሰጠዋል፣ ገንዘቡ ይለቀቅለታል። የበለስ ስኳር፣ የያዩ ማዳበሪያ፣ የህዳሴው ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ሁሉ በእጁ ነበር። የግድቡን በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተነጠቀ። ሌሎቹም በጊዜያቸው አላለቁም። አሁን ደግሞ አየር መንገዱን ተመልከቱ። ያው የመንግሥት ነው። ሲመሠረት በአሜሪካው አየር መንገድ በቲደብሊውኤ ሰዎች ነበር የሚመራው። ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ተምሮ እስኪደርስ ድረስ ያን ያህል ታገሠ ማለት ነው። ደርግ ሶሻሊዝም በሚልበት ዘመን ሳይቀር ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ይገዛ ነበር። ከዚያ የከፋ ፖሊሲ ከየት ይምጣ?

ኢኮኖሚክስ ተማሪው፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ አየር መንገዱ ዶላሩን የሚያገኘው ራሱ ነው። ትኬት በውጭ ምንዛሪ ይሸጣል። ጫማ ሠሪው ግን ዶላር ከሰው ነው የሚጠብቀው። ባይወዳደሩ ጥሩ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፦ እሺ፣ ይሁንልህ ልጄ። ሜቴክስ?

ኢኮኖሚክስ ተማሪው፦ ሜቴክ ላይ ተረታሁ ጋሼ 😅

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔ ይሄ «ወይ ፖሊሲ፣ ወይ አስተዳደር» የሚባለው አይዋጥልኝም። ሶሉን ያስከማቸው የዶላር ወረፋው ነው። ወረፋው ሲቀር ግን የማከማቸቱ አመል አብሮ አልቀረም። አሁንም ሰው ብሩን ሁሉ ዕቃ ላይ ያስርና የደመወዝ መክፈያ ያጣል። መዝገቡም እንደዚያው ነው። ሰው መዝገብ የማይዘው ስለማይችል አይደለም። ለግብር ይዞ ሲሄድ መዝገቡ ውድቅ ተደርጎ ግብሩ በግምት ይጣልበታል። ስለዚህ አንዱን ለግብር፣ አንዱን ለራሱ ይጽፋል። በኋላ የራሱንም ይተወዋል። አመሉን ያስለመደን ፖሊሲው ነው። ፖሊሲው ስለተቀየረ ብቻ አመል አይለቅም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ሰው ያስፈልጋል።

የመርካቶ ልጅ፦ ቁጭ ብሎ የሚያሳየው ማን ነው? የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ አንድ ቀን እንኳን ሸጦ የማያውቅ?

ጫማ ሠሪው፦ እሱስ ልክ ነው። እኔን ያስተማረኝ ልጅ ቆዳ ሲቆረጥ አይቶ አያውቅም ነበር። ደግሞ የብድሩን ነገር አትርሱ። ዶላር አሁን በዋጋው ይገኛል። መግዣ ብሩስ? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት 14 በመቶ ላይ ገደበው። በኋላ ከፍ አደረገው። ገደብ ሲኖር ባንኩ ለማን ይሰጣል? ለትልቁ። እኔ ሱቆች ዕቃዬን በዱቤ ወስደው የሰጡኝን ቼክ ይዤ እጠብቃለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ «እንዳታስገባው» ብለው ይደውላሉ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ሥልጠናውና ብድሩ ይተሳሰሩ። ዓመት ሙሉ የሞዴል በሞዴል ወጪውን የመዘገበ አምራች ያለ ቤት መያዣ ይበደር። ያኔ ካይዘን የምስክር ወረቀት መሰብሰቢያ መሆኑ ይቀራል።

የመርካቶ ልጅ፦ አንቺ መርካቶን አታውቂውም። አንዱ መዝገብ ለግብር፣ አንዱ ለራሱ አልሽ አይደል? አሁን ሦስተኛ ሊጨመር ነው፣ ለባንክ!

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለባንክ ሲሆን ትርፉን ከፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ለግብር ሲሆን ዝቅ። ባንኩና ግብር ሰብሳቢው አንድ መዝገብ ብቻ ይዩ ካልን ጨዋታው ያልቃል።

ጫማ ሠሪው፦ እንደዚያ ከሆነ ማንም አይበደርም። መጀመሪያ በግምት የሚጥለው ሰውዬ ያመጣሁለትን መዝገብ ይቀበል። እሱን አድርጉልኝና የጥቁሩን ጫማ ወጪ ነገውኑ ቁጭ ብዬ እደምራለሁ።

የሐዋሳዋ፦ ስትደምር የሰፊዎቹን የትርፍ ሰዓት እንዳትረሳ።