ለሐምሌ እረፍት የትኛው ደሴት ይሻለናል? ዛንዚባር፣ ሲሼልስ ወይስ ማልዲቭስ (ከባሕር ዳር)

ባለስፌቷ (ጠያቂ)

እንደምን ናችሁ ቤተሰብ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ እኔ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ፣ ባሕር ዳር ሺንብጥ ሰፈር ነው የምንኖረው። ዘንድሮ ከተጋባን አሥር ዓመት ሞላን፤ ዕቁቡም ስለወጣልን ልጆቹን ለእናቴ ትተን ሞቃት ባሕር ያለበት ደሴት ላይ አንድ ሳምንት እንረፍ ብለናል። የት እንሂድ በሚለው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። እሱ ማልዲቭስ ይላል (ፎቶ አይቶ ነው)፣ እኔ ሲሼልስ፣ እህቴ ደግሞ «ዛንዚባር ምን አላችሁ?» ትላለች።

ችግራችንን ልንገራችሁ። እሱ የሚያርፈው በክረምት ብቻ ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፤ በመካከል ያለችው ሐምሌ ብቻ ናት። በሰው አገር የጾም ምግብ ስለምን መዋል አልፈልግም። ሁለተኛ፣ መዋኘት አልችልም፣ ጀልባም እፈራለሁ። ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ይህን ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። አምና ግን ከዘጌ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ማዕበል ያዘን፣ ውኃው ጉልበታችን ድረስ ገባ፤ ያን ቀን ያልተሳልኩበት ታቦት የለም። ሦስተኛ፣ ያለን 350 ሺህ ብር ነው። ቲኬቱም ሆቴሉም ሁሉም ከእሱ ይውጣ።

መንገደኛው

እህቴ፣ ፎቶውን ተዪውና መጀመሪያ ነፋሱን ጠይቂ። እኔ ቲኬት ስቆርጥ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ሰው ተመልሶ የሚያማርረው በሆቴሉ ሳይሆን በወሩ ነው።

ሐምሌ እኛ ዘንድ ዝናብ ስለሆነ ሌላውም አገር እንዲሁ ይመስለናል። ዛንዚባር ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ወቅቷ ሌላ ነው። ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዘንቦ ያበቃል፤ በሐምሌ ሰማዩ ደረቅ፣ ሙቀቱም ለስለስ ያለ ነው። ኩሲ የሚባል የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፣ እሱ ግን ከጀርባ የሚመጣበትን ዳርቻ ከመረጣችሁ አይታወቃችሁም።

ሲሼልስም በሐምሌ ብዙ አይዘንብባትም። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። የሲሼልስ ጣዕሙ ደግሞ ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ተነስቶ ወደ ፕራስሊንና ላ ዲግ መሻገር ነው፤ ወደ ፕራስሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ወር ያን ጀልባ ተሳፍሮ ሳያስታውክ የወረደ ጀግና ነው። አንቺ ደግሞ የዘጌው ገና አልወጣልሽም።

ማልዲቭስ ከግንቦት እስከ ጥቅምት እርጥብ ወቅቷ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ዝናቡ ግን ያው የቁማር ጉዳይ ነው።

የባለስፌቷ ባል

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ እኔም ቃሌን ልስጥ። ማልዲቭስ ያልኩት ለፎቶው ብቻ አይደለም። ለአብዛኛው አገር ዜጋ፣ ለእኛም ጭምር፣ ለ30 ቀን የሚሆን ቪዛ በነፃ አየር ማረፊያው ላይ ይሰጣሉ፤ የመመለሻ ቲኬትና የሆቴል ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። በየቢሮው የምንሰለፈው መቼ ይበቃን ይሆን? ወቅቱም ረከስ ያለበት ነው ከተባለ ለእኛ ኪስ አይሻልም?

ከማሌ የተመለሰች

ወንድሜ፣ የቪዛውን ነገር ልክ ነህ። ሂሳቡን ግን እስከ መጨረሻው ስራው። እኔ ዱባይ እየሠራሁ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። ማልዲቭስ 1,200 ገደማ ትንንሽ ደሴቶች ናት፤ አንዱ ሪዞርት አንድ ደሴት ለብቻው ይዟል፣ ወደዚያ የምትሄደው በፈጣን ጀልባ ወይም ውኃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ነው፣ የመጓጓዣው ክፍያ ብቻውን ያስደነግጣል። በዚያ ላይ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ አረንጓዴ ግብር የሚሉት በሪዞርት ለአንድ ሰው በሌሊት 12 ዶላር ሆኗል፤ ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ባሉ ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች 6 ዶላር ነው። በእነዚህ ማረፊያዎች ካደራችሁ በእናንተ ገንዘብ ይቻላል። ግን መጠጥ የለም፣ የዋና ልብስም በተከለለ ዳርቻ ብቻ ነው። ከጀልባ ደግሞ የትም አታመልጡም። ሚስትህ ጀልባ እፈራለሁ እያለች ማልዲቭስ መውሰድ እኮ ፍየል የምትፈራን ሰው ገበያ መሃል ማቆም ነው።

ባለታንኳው

እኔ ደግሞ ጀልባ ነጂ ነኝና አትቆጡኝ። እህቴን ያስፈራት ጣና አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ጣና ጠዋት ብርሌ ውስጥ እንዳለ ውኃ ነው፤ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ከዘጌ ያስነሳችሁ ሰው ነው ያጠፋው። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ነጂ ያዙ፤ ደቅ ደሴት ሄዳችሁ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን እዩ፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለሙ፣ የዘጌ ቡና ጠጡ። በሩ ላይ 37 ደሴት ያለው ሰው ሕንድ ውቅያኖስ ምን ወሰደው?

ባለስፌቷ

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። ግን ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ባለቤቴ ገብቶ ሲሳለም እኔ ጀልባው ላይ ቁጭ ብዬ አሥረኛ ዓመቴን ላክብር? ደግሞ በሐምሌ ዝናብ!

ባለታንኳው

እንጦስ ኢየሱስ አለልሽ፣ የሴቶች ገዳም ነው 😄 እሺ፣ ሐምሌውን ተሸንፌያለሁ። በጥቅምት ግን ኑ።

ሲስተር

ጣናን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳሩ ላይ መዋኘት ቢልሃርዚያ ስላለ አይመከርም። ባሕር ጨው ውኃ ነው፣ ይህ ስጋት የለበትም።

አሁን ወደ ጉዟችሁ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ከሚባሉ አገሮች ስለሆነች ሦስቱም ቦታዎች የክትባት ካርዱን ይጠይቋችኋል። ክትባቱ ከጉዞ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረው ቀርቷል። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል እንኳ እንዳይለያይ። ሲሼልስና ማልዲቭስ ወባ የለባቸውም፣ ዛንዚባር ግን ጥቂትም ቢሆን አለ፤ ባሕር ዳር ላይ እንደምታደርጉት አጎበር ውስጥ እደሩ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ያዙ። ፀሐዩን ደግሞ «እኛ ጥቁሮች ነን» ብላችሁ አትናቁት።

የፓጄዋ

ቆይ እኔ ልናገር፣ ዛንዚባር ሄጄ የተሸወድኩት እኔ ነኝ። የእህትሽ ምክር ትክክል ነው፤ ግን ዛንዚባር የት? ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በምሥራቅ ዳር ፓጄ የሚባል ሰፈር ሆቴል ያዝን። ፎቶው ላይ ባሕሩ ደጃፉን ይልሳል። ስንደርስ ባሕር የለም! እውነቴን ነው። ነጭ አሸዋና ጭቃ፣ ውኃው ከሩቅ እንደ ክር ይታያል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይሰበስባሉ። አጭበርብረውናል ብለን ከሆቴሉ ሰው ጋር ልንጣላ ደረስን። ሰውዬው ሳቀና «ከሰዓት ይመጣል» አለን። መጣም።

ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው በዓመት አንዴ ስለሆነ ይህን አናውቀውም። ባሕር ግን ጨረቃና ፀሐይ እየሳቡት በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይበረታል፣ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ምሥራቁ ዳርቻ ሜዳማ ስለሆነ ውኃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ ይሸሻል። በዚያ ላይ በሐምሌ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመታው በጨርቅ ክንፍ ውኃ ላይ የሚንሸራተቱ ፈረንጆች ናቸው የሚሞሉት።

እናንተ ሰሜን ጫፍ ሂዱ፤ ኑንግዊ ወይም ከእሱ አጠገብ ኬንድዋ። እዚያ ውኃው ሲጎድልም ብዙ አይሸሽም። ኬንድዋ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ በሐምሌ ነፋስ የተከለለ ነው፤ መዋኘት የማይችል ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ መቆም ይችላል። ከአየር ማረፊያው በታክሲ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጀልባ የሚባል ነገር የለም! ከአዲስ አበባ አውሮፕላን፣ ከዚያ መኪና፣ አለቀ። ብቻ ውኃ ውስጥ እንደ ጃርት እሾህ ያለው እንስሳ አለ፣ የውኃ ጫማ ያዙ።

መንገደኛው

የፓጄዋ ጨረሰችው። እኔ የወረቀቱን ላክል። የታንዛኒያን ቪዛ ቀድማችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ፤ እዚያ ደርሼ እወስዳለሁ አትበሉ፣ ለእኛ ፓስፖርት ሊዘገይ ስለሚችል ሰኔ ሳይገባ ጀምሩት። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ ይገዛል፣ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሁለት ሰው 88 ዶላር፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ዶላር ስትይዙ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመውን አትውሰዱ፣ አይቀበሉም። ለገበያ ሽልንግ ዘርዝሩ።

ሐምሌ ፈረንጆቹም የሚያርፉበት ስለሆነ ሆቴል ይወደዳል። ስድስቱንም ሌሊት ኬንድዋ ከማደር ሁለቱን ስቶን ታውን አድርጉት፤ ያ በ2000 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው አሮጌው ከተማ ነው። ማታ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው መናፈሻ ዓሣና የሸንኮራ ጭማቂ እየበላችሁ እየጠጣችሁ ትዞራላችሁ። የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን ግቡና እዩት፤ ዝም የሚያሰኝ ቦታ ነው።

የፓጄዋ

ስቶን ታውን ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ማድረግ ነው፣ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ነጠላ ይዘሽ ከሄድሽ ለሁሉም ይሆንሻል፤ ለፀሐዩም፣ ለባሕሩ ነፋስም። ባልሽንም አጽናኚው፣ የኬንድዋ አሸዋ በፎቶ ከማልዲቭስ አይለይም።

ባለስፌቷ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ ቁጭ ብለን ተማከርን። እሱም ቀን መቁጠሪያ አውጥቶ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት ፈልጎ አገኘ፣ አሁን «እኔ ነኝ የመረጥኩት» እያለ ነው። ዛንዚባር፤ ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፣ አራት ሌሊት ኬንድዋ። ክትባቱን በዚህ ሳምንት እንወስዳለን።

አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ። እናቴ ድርቆሽና በርበሬ ካልያዛችሁ ብላ ይዛኛለች። ያስገቡናል?

የፓጄዋ

እኛ በሶና ድርቆሽ ይዘን ገብተናል፣ የጠየቀን የለም። ግን በፌስታል እንዳትቋጥሪው! ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ከመንገደኛም ይቀበላሉ። እኛን አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣ አስከፍተው ሦስት ፌስታል ወሰዱብን፣ በሶው ጓደኛዬ ልብስ ላይ ተበተነ።

ባለስፌቷ

ታዲያ ለልብስ ሰፊ ይህ ይነገራል? ዛሬውኑ ከአቡጀዴ ከረጢት እሰፋለሁ።

ባለታንኳው

ለእኔም አንድ ስፊልኝ፣ ለጥቅምት ስንቅ መያዣ።