ለአዲስ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የቻት ድጋፍ፦ የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ካበቃ ወዲህ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት የተባሉትን የሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች መሞከር የሚፈልግ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሲቸግረው የት ይጠይቅ? ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ለጉባኤው የምናቀርበውን ከዚሁ አወጣለሁ።

አባል ከባሕር ዳር፦ እኔ አይአርሲ (በጽሑፍ ብቻ የሚሠራው የቆየ የቻት ዘዴ) እላለሁ። የኡቡንቱ የቆየ የድጋፍ ቻናል እዚያ ነው። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ በደካማ ኢንተርኔትም ይሠራል።

አባል ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን ጀማሪው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ዋይፋዩ እምቢ ያለው ሰው በስልኩ ስክሪኑን አንስቶ ነው የሚልክልን። ግሩፑን በርዕስ እንክፈለው፤ አንዱ ርዕስ ደግሞ ለአማርኛ ኪቦርድና ፎንት ብቻ ይሁን። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሊብሬኦፊስ በተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ሰውየው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ፋይሉ ግን ደህና ነው፤ ፎንቱን መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ቻናል የሚያስረዳው አያገኝም። የእኛ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው።

አባል ከሀዋሳ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ኢንቦክስ ነው። «በውስጥ መስመር ና፣ ልርዳህ» ብሎ ፓስወርድ የሚቀበል አይጠፋም። እርዳታ ሁሉ በግሩፑ ፊት ይሰጥ። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ቃል) ያለበትን ትእዛዝ የሚልክ ሰውም ምን እንደሚሠራ አብሮ ይጻፍ። እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ ላይ እንዳንላላ።

አባል ከባሕር ዳር፦ እሺ፣ ቴሌግራም ይሁን። ግን እዚያው ብቻ አንታሰር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሪኖድ የተባለው የአይአርሲ አውታር በማን ይተዳደር የሚል ውዝግብ ሲነሳ፣ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞቹ ለቀው ሊቤራ ቻት የተባለ ሌላ አውታር አቋቋሙ። ኡቡንቱም ቻናሎቹን ወደዚያ አዛወረ። እኛም በፖስተርና በስልጠና ላይ የምናስተዋውቀው የራሳችንን ድረ ገጽ ይሁን፤ የግሩፑ ሊንክ እዚያ ይቀመጥ። የተፈቱ ጥያቄዎችም ወደ ገጹ ይገልበጡ። አለበለዚያ አንዱን መልስ ስንደጋግም እንሰለቻለን።

አባል ከዋሽንግተን አካባቢ፦ የሌሊቱን ተራ ለእኛ ተዉት። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ ገና አልመሸም።

አስተባባሪ፦ ተባረኩ። ቴሌግራም በርዕስ ተከፍሎ፣ በግል መስመር እርዳታ ክልክል፣ ቋሚ አድራሻ በገጻችን፣ ተረኛ ቀንና ሌሊት። ረቂቁ ላይ ይህን አስገብቻለሁ። የቀረው የተረኞች ዝርዝር ነው። የሚመቻችሁን ቀንና ሰዓት እዚህ ሥር ጻፉልኝ።