ክርክር፦ አገር የዞረ ሰው ለመምህርነት ይበቃል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ጎንደሮች። የዛሬው ጥያቄ ይኸው። ለአንድ የጂኦግራፊ መምህርነት ቦታ ሁለት ሰው አመለከተ እንበል። አንደኛው ከዲግሪው በኋላ የመምህርነት ሥልጠናውን፣ ፒጂዲቲውን፣ ጨርሶ በቀጥታ የመጣ ነው። ሁለተኛው ዲግሪ አለው፤ ሥልጠናው የለውም። ግን መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሠርቷል፤ ሰሜን ተራሮችን አስጎብኝቷል። ማንን ትቀጥራላችሁ? ስድብ የለም፤ ባለፈው ያደረጋችሁትን አይቻለሁ።

አስጎብኚው፦ ሁለተኛውን! ምን ያከራክራል? ቆላና ደጋን የሸመደደና በእግሩ የሄደበት እኩል አይደሉም። መተማ ዮሐንስ ከፍታዋ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ይህ ሰው በአንዱ ላብ አጥምቆታል፣ በሌላው ጥርሱ ተንቀጫቅጯል። ደግሞ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት የዕለት እንጀራው ነበር።

የማራኪዋ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ቱሪስት ከፍሎ፣ ፈልጎ ነው የሚሰማህ። እስኪ ከምሳ በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ግባና እየው። ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ያወራል። ከኋላ ያለው አንዱ ደግሞ ገብቶት ሳይሆን ፈርቶ ዝም ብሏል። ያንን ልጅ ለይቶ ማወቅ ነው ሥራው። ዕቅድ ማውጣት፣ ተከታታይ ምዘና መያዝ ተራራ ላይ አይገኝም። ገጠመኙ የበዛ መምህር አውቃለሁ። ተማሪ ይወደዋል፤ ግንቦት ሲደርስ መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ነው።

ልጅ ከአዘዞ፦ ሃሃ፣ ከትምህርት ቤት የማስታውሰው ግን እንደዚያ ዓይነቱን መምህር ብቻ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ለትምህርት መዞር እኮ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ይሻገራል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዜማ ዙር አምባ ይወጣል። የዜማውን መጽሐፍ፣ ድጓውን፣ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። አቋቋም፣ የማኅሌቱን ሥርዓት፣ ካለ እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር።

አስጎብኚው፦ ጋሼ፣ አንጀቴን አራሱኝ!

ጡረተኛው፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። የቆሎ ተማሪ በሄደበት ሁሉ የኔታ አሉ። እየሰሙ ያርሙታል። እሱም ታናናሾቹን እያስቀጸለ፣ ትምህርታቸውን እያስጠና፣ ነው የሚበስለው። ያንተን ሰው ሰሊጡ መሃል ማን አረመው? ዞሯል እንጂ አልተመዘነም። እኔ ብሆን እቀጥረዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ብቻውን ክፍል አላስገባውም።

የማራኪዋ መምህርት፦ ጋሼ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን አብሮት የሚቀመጠው ማን ነው? እኔ? ያለኝ ክፍለ ጊዜ ሳይቀነስልኝ? ወጪውንስ ማን ሊሸፍን? እሱ እስኪለምድ የሚጎዱት ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው።

አስጎብኚው፦ ከዲግሪ በቀጥታ የመጣውም እኮ ይለምዳል፤ ማንም አይቆጥርበትም። ይልቅ ሁለቱም አንዳንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምሩ። ርዕሱ፦ ደባርቅ ለምን ይበርዳል? ከዚያ ተማሪዎቹ ይምረጡ።

የማራኪዋ መምህርት፦ ተማሪ ከመረጠማ የቤት ሥራ የማይሰጠው ያሸንፋል።

ልጅ ከአዘዞ፦ እኔ በዚህ ተስማምቻለሁ።